የአቶ ኤርጫፎ ሰማንያ አራት ቤቶች

አቶ ኤርጫፎ ለምርጫ ማስታወቂያ የሚሆን ፎቶግራፍ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ተነሥተው ወደ ቀያቸው ሲመለሱ፣ የተሳፈሩባት ባጃጅ ላንቴ ለመድረስ ጥቂት ሲቀራት ጎማዋ ፈነዳ። ሹፌሩ ጢሞቴዎስ ጎማውን ፈታና በአንድ አላፊ ሞተር ብስክሌት ላይ ተፈናጦ ወደ ከተማ ተመለሰ። ሁለቱ ተሳፋሪዎችም ከመንገዱ ዳር ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተጠለሉ።

ሁለተኛዋ ተሳፋሪ ብሩክታዊት ትባላለች። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ስታትስቲክስ ተምራ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ፍለጋ ስትንከራተት ቆይታ፣ ከመስከረም ወዲህ የታችኛው ቦይ የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ጸሐፊ ሆና የተቀጠረች የጨንቻ ልጅ ናት። አቶ ኤርጫፎ ደግሞ የዚያው ቦይ የውኃ ዳኛ ናቸው። ውኃው ዛሬ ለማን፣ ነገ ለማን እንደሚለቀቅ የሚወስኑት እርሳቸው ሲሆኑ፣ ይህንንም አሥራ ስምንት ዓመት ሠርተውታል። ሰው የማይበድሉ፣ ቃላቸውን የማያጥፉ ሽማግሌ ነበሩ። እንከናቸው አንድ ነው፤ ስለዚያ ቦይና ስለ ሕዝቡ እርሳቸው የማያውቁት ነገር ያለ አይመስላቸውም።

«ፎቶው እንዴት ሆነ ጋሼ?» አለች ብሩክታዊት፣ ከሥሩ ላይ የተሻለውን መቀመጫ እየለቀቀችላቸው።

«ሁለት አነሣኝ። ፈገግ ይበሉ ቢለኝ፣ የውኃ ዳኛ ነኝ እንጂ ሙሽራ አይደለሁም አልኩት።»

«ምርጫውስ እንዴት ይመስልዎታል? አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረው።»

«እሱ ያለቀ ነገር ነው። በቦዩ ግራና ቀኝ መቶ ሠላሳ ቤት አለ። በየቤቱ ዞሬ አባወራውን አነጋግሬያለሁ። ሰማንያ አራቱ የኔ ነው። ለአቶ ማቴዎስ የሚቀረው አርባ ስድስት ነው፤ ከነዚያም ውስጥ የሚያመነታ አይጠፋም።»

አቶ ማቴዎስ ለዚሁ የውኃ ዳኝነት የሚወዳደሩ የሙዝ ነጋዴ ናቸው። ቢመረጡ የቦዩን አፍ ከላይ ላለ ትልቅ የፍራፍሬ እርሻ በአሥር ዓመት ውል ሊያከራዩ፣ በምትኩም ለማኅበሩ የውኃ ፓምፕ ሊያስመጡ አስበዋል። አቶ ኤርጫፎ ይህ ውል ከተፈረመ የታችኞቹ ማሳዎች በሁለት በጋ ድርቅ ይመታቸዋል ብለው ያምናሉ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ቦዩን ከሐሬ ወንዝ ጠልፈው ከቆፈሩት ወጣቶች አንዱ ነበሩ፤ ታናሽ ወንድማቸው አበጋዝ አፈር ተንዶበት የሞተውም በዚያ ቁፋሮ ላይ ነው። ስለዚህ ይህ ምርጫ ለእርሳቸው የሥልጣን ጉዳይ አልነበረም። ቢሸነፉ የወንድማቸው ደም የፈሰሰበት ውኃ ለሌላ ሰው ሲከራይ ቆመው ማየት ሊኖርባቸው ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የመራጮቹን ዝርዝር አይተውታል? ቢሮው በር ላይ ከለጠፍኩት ሦስት ሳምንት ሆነው» አለች ብሩክታዊት።

«ልጄ፣ እኔ ይህን ሕዝብ በወረቀት አይደለም የማውቀው። የየቤቱን ውሻ ሳይቀር በስሙ አውቀዋለሁ።»

«ውሾቹ እንኳን አልተመዘገቡም» አለች ሣቋን እያፈነች። «የተመዘገቡት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው።»

«ተሳስተሻል። እኛ መቶ ሠላሳ ነን።»

«እሱ በድሮው ደንብ ነው። ባለፈው ዓመት በጉባኤ ተሻሽሎ የለም እንዴ? በይዞታ ደብተሩ ላይ ስሙ ያለ ሁሉ፣ መሬት ተከራይቶም ቢሆን ከቦዩ የሚያጠጣ ሁሉ አባል ይሁን ተባለ። ቃለ ጉባኤው ላይ የእርስዎም ፊርማ አለ።»

«ፈርሜያለሁ። ምን ይጎዳል ብዬ ነው። ባልና ሚስት ሁለት ስም ቢኖራቸው ቤታቸው ያው አንድ ነው።»

አቶ ኤርጫፎ ይህን ሲሉ ከአእምሮ ማነስ አልነበረም። ያደጉት ዱቡሻ ላይ ነው፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የአገሩን ጉዳይ በሚጨርሱበት አደባባይ። እዚያ አንድ አባወራ ሲናገር ቤቱ በሙሉ ተናገረ ማለት ነው፤ ነገሩም ሁሉም እስኪስማማ ድረስ ይወያዩበታል እንጂ ድምፅ አይቆጠርበትም። በዚህ ሥርዓት ስንት ደም ደርቋል፣ ስንት ጎረቤት ታርቋል። ሰውዬው የተሳሳቱት ዱቡሻውን ማክበራቸው ላይ አይደለም። በካርድ የሚደረገውን ምርጫ በዱቡሻ ስሌት ማስላታቸው ላይ ነው።

«እስቲ እንቁጠረው» አለች ብሩክታዊት በአክብሮት። «ከሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ መቶ አምሳ ሰባቱ ሴቶች ናቸው።»

«ግማሹ?»

«ከግማሹ በአንድ ይበልጣሉ። በዕድሜ ካዩት ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በታች ያሉት መቶ አራት ናቸው፤ ሲሶው ማለት ነው። ከዶርዜና ከሌላውም ደጋ የወረዱት በፊት መዝገቡ ላይ አንድም አልነበሩም፤ አሁን ሃያ ስድስት ሆነዋል።»

«እነዚያማ እንግዶች ናቸው።»

«አሥራ ሁለት ዓመት የተቀመጠ እንግዳ አለ እንዴ ጋሼ? የእርስዎ አባት ወደዚህ ቆላ የወረዱት መቼ ነበር?»

«ወባው ጋብ ሲል ነው። እኔ እናቴ ጀርባ ላይ ሆኜ…» አሉና ቆም አሉ። «አንቺ ልጅ፣ የተማርሽው ስታትስቲክስ ነው ወይስ ጥብቅና?»

ሁለቱም ሣቁ። አቶ ኤርጫፎ ግን እጅ የሚሰጡ አልነበሩም።

«ቁጥሩን ተቀበልኩ እንበል። ሰዉ ግን ያው የኛው ሰው ነው። ወጣቱ የአባቱ ልጅ ነው። ሚስትም የባሏ ናት። አንቺ ከሰማይ የወረደ ሕዝብ አስመሰልሽው።»

«ሰዉማ ያው ነው ጋሼ። የተለወጠው መራጩ ነው። እርስዎ ስለ ቦዩ ሲጠየቁ የሚታወስዎት ቁፋሮው ነው፤ እንዴትስ አይታወስዎት! የሃያ አራት ዓመቷ ልጅ ግን ቦዩን ተወልዳ ነው ያገኘችው። እሷ የምታውቀው ውኃው ዛሬ ይደርሰኛል እያለች ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ መመለስን ነው። ጋሽ አበጋዝ የሚባል ሰው እንደነበረ የማያውቅ ወጣት ብዙ ነው።»

ይህ የመጨረሻው ነገር አቶ ኤርጫፎን አመማቸው። የወንድማቸውን ስም የማያውቅ ሰው ከዚያ ቦይ ይጠጣል ብለው አስበው አያውቁም። 

«ማቴዎስ ዝርዝሩን አይቶታል?» አሉ።

«ሦስት ጊዜ መጥተው አንብበውታል፤ በሁለተኛው መነጽር ሁሉ ይዘው ነበር። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ለማንም አልወግንም። እርስዎም ቢመጡ ይህንኑ ነበር የማሳይዎት።»

«እንግዲያውስ ተሸንፈሃል በይኛ! ሴቱ በአንድ ወገን፣ ወጣቱ በአንድ ወገን ተሰልፎ…»

«እንደሱም አይደለም ጋሼ። ሴት ሁሉ አንድ ሐሳብ የላትም፤ ወጣትም እንዲሁ። ቁጥሩ ማን እንደሚያሸንፍ አይነግረንም። እስካሁን ማን ሳይጠየቅ እንደኖረ ግን ይነግረናል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ወይዘሮ ውብአየሁ ማንን እንደሚመርጡ ነግረውዎታል?»

አቶ ኤርጫፎ ከልባቸው ሣቁ። «የኔን ሚስት ነው የምትዪኝ?»

በዚህ መሐል ጢሞቴዎስ የተለጠፈውን ጎማ ይዞ ደረሰ። አቶ ኤርጫፎ አጋጣሚው ደስ አላቸው፤ የጢሞቴዎስ አባት ካሱ ከሰማንያ አራቱ አባወራዎች አንዱ ነበርና።

«ጢሞ፣ አባትህ ቤታችን ከአንተ ጋር ነው ብሎኛል። አይደለም?»

«ልክ ነው ጋሼ። አባቴ ከእርስዎ ጋር ነው።»

«አንተስ?»

ጢሞቴዎስ ብሎኑን አጠበቀ፤ ከዚያም ሌላውን አጠበቀ። «እኔ እንግዲህ የራሴ ካርድ አለኝ» አለና ሞተሩን አስነሣ።

ከዚያ እስከ ቀያቸው ድረስ አቶ ኤርጫፎ ቤቶቹን በጣታቸው እንደገና ሲቆጥሩ ሄዱ። ሰማንያ አራቱ ቤት በመንገድ ላይ ሰማንያ ሦስት ተኩል የሆነ መሰላቸው።

ቤታቸው ሲደርሱ ባለቤታቸው ወይዘሮ ውብአየሁ የተቆረጠውን ሙዝ ፀሐይ እንዳያገኘው ቅጠል ያለብሱ ነበር። አቶ ኤርጫፎ ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ጠየቁ።

«ውቤ፣ የምርጫ ካርድሽን ወሰድሽ?»

«ወስጃለሁ።»

«መቼም የምትመርጪው የታወቀ ነው።»

«ማን ነው ያወቀው?» አሉ ወይዘሮ ውብአየሁ፣ ቀና ሳይሉ።

አቶ ኤርጫፎ ደነገጡ። «ማቴዎስን ልትመርጪ ነው?»

«አልወሰንኩም። ሰውየው መጥተው ነበር። አንተ ዱቡሻ ነበርክ። ምን ይከብድሻል ብለው ጠየቁኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«የሌሊቱ ውኃ አልኩ።»

የታችኛው ቦይ ውኃ ቀንም ሌሊትም ይለቀቃል። የቀኑን ተራ ሁሉም ይመኘዋል፤ የሌሊቱን የሚፈልገው የለም፤ ጉማሬ ከአባያ ሐይቅ እየወጣ በሙዙ መሐል ስለሚሠማራ። ዱቡሻ ላይ የሚናገርላቸው የሌላቸው ባልቴቶች፣ ከደጋ የወረዱትና ገና ጎጆ ያልወጡ ወጣቶች የሚደርሳቸው የሌሊቱ ነበር። አቶ ኤርጫፎ የውኃ ዳኛ ሲሆኑ ለራሱ አዳላ እንዳይባሉ የሌሊቱን ተራ ለራሳቸው ማሳ ወሰዱ። ሕዝቡም እንዲህ ያለ ዳኛ አይተን አናውቅም ብሎ መረቃቸው። ይህን ታሪክ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ያልሰማው እንግዳ፣ ያልሰማው አማች የለም።

«የሌሊቱን ተራ እኮ የወሰድኩት እኔ ነኝ!» አሉ አቶ ኤርጫፎ። «አገር የሚያመሰግነኝ በእሱ አይደለም እንዴ?»

«አዎን። የወሰድከው አንተ ነህ። የወጣሁት እኔ ነኝ።»

አቶ ኤርጫፎ ወደ ኋላ ማሰብ ጀመሩ። የመጀመሪያው ዓመት ወገባቸውን አሟቸው ነበር። ከዚያ በኋላ በማግሥቱ የሚዳኙት ጉዳይ እየኖረ፣ እንቅልፍ ያስፈልገኛል እያሉ…

«ልጃችንን ናትናኤልን አርግዤ አካፋና ባትሪ ይዤ ወጥቻለሁ» አሉ ወይዘሮ ውብአየሁ። ድምፃቸው የሚጣላ ሰው ድምፅ አልነበረም። «ጉማሬ ሁለት ጊዜ አባሮኛል። ሁለተኛውን ጊዜ ሾላው ላይ ወጥቼ ነው ያነጋሁት። ቤት ስደርስ፣ ዱቡሻ ስለምሄድ ቁርስ ቶሎ አድርሽልኝ አልከኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር እኮ። ቻይው አልከኝ።»

አቶ ኤርጫፎ እጅግ አፈሩ። ዕድሜ ልካቸውን የሰው በደል ሲሰሙ የኖሩ ሰው፣ በገዛ ቤታቸው ያለውን ሳይሰሙ አረጁ። ያን ዕለት የቀረበላቸውን ራት ሳይጨርሱ ተነሡ።

በማግሥቱ ጠዋት ብሩክታዊት ቢሮዋን ልትከፍት ስትመጣ በሩ ላይ አገኘቻቸው። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች፣ ስም በስም፣ ጮክ ብለው ያነቡ ነበር። አንዳንዱ ስም ላይ ሲደርሱ «ይቺም የሌሊት ናት» እያሉ በጣታቸው ነካ ያደርጉታል።

«ማቴዎስ ለሴቶቹ በሙሉ የቀን ተራ ቃል ገብቷል አሉ» አሏት። «እኔም እንደሱ ልበል?»

«ለሁሉም የቀን ተራ መስጠት ይቻላል?»

«ከየት መጥቶ! ቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ሌሊቱም ሌላ አሥራ ሁለት። የሌሊቱን ውኃ ከተውን ማሳው ግማሹ አይጠጣም።»

«እንግዲያው የማይሆን ተስፋ ከሚሰጡ፣ የሚሆነውን ከእነሱ ጋር ይፈልጉ። አቶ ማቴዎስ እኮ የበለጡዎት አንድ ነገር ነው፤ ምን ይከብድሻል ብለው በመጠየቃቸው ነው። ጥያቄው ግን የማንም ርስት አይደለም።»

አቶ ኤርጫፎ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፎቶግራፋቸውን የሚለጥፉበት ጊዜ አጡ። ሴቶች ልብስ ወደሚያጥቡበት የቦይ ዳር ሄዱ። ወጣቱ ከረምቡላ ወደሚጫወትበት ቤት ገቡ፤ ሲገቡ ጨዋታው ቀጥ አለ፤ ልጆቹን ሊቆጡ የመጡ መስሏቸው ነበር። ዶርዜዎቹ ሸማ ከሚሠሩበት ጉድጓድ አጠገብ ቁጭ ብለው መወርወሪያው ወዲያና ወዲህ ሲል እያዩ ጠየቁ። ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ምን ይከብዳችኋል? መልሱን በደብተር ጻፉት። ሳባ የምትባል፣ ከወጣቶቹ ጋር መሬት ተከራይታ ሐብሐብ የምታለማ ልጅ፣ «ሌሊቱ አይደለም የሚከብደኝ ጋሼ፤ ተራዬ መቼ እንደሆነ አለማወቄ ነው። በስልክ መልእክት ቢላክልን ምናለበት?» አለቻቸው። አቶ ኤርጫፎ ስልክና ውኃ ምን አገናኛቸው ሊሉ አሰቡና ተዉት፤ ጻፉት።

የሌሊቱን ተራቸውንም ራሳቸው ወጡ። በሁለተኛው ሌሊት አንድ ጉማሬ መጣና ባለቤታቸው በወጡበት በዚያው ሾላ ላይ ሰቀላቸው። ጠዋት ወደ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች የውኃውን ዳኛ ከዛፍ ላይ፣ ቦት ጫማቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው፣ ሲወርዱ አገኟቸው። ሴቶቹ እስከ ገበያ ድረስ እየሣቁ ሄዱ። ወሬውም ከየትኛውም ማስታወቂያ ፈጥኖ አገሩን አዳረሰ።

የምርጫው ቀን ደረሰ። አቶ ማቴዎስ ስለ ፓምፑ ባማረ አነጋገር አስረዱ። በፓምፑ ብዙ ወጣት ጓጉቶ ነበርና ጭብጨባው ቀላል አልነበረም። ቀጥሎ አቶ ኤርጫፎ ተነሡ።

«ወገኖቼ፣ አሥራ ስምንት ዓመት የሌሊቱን ተራ ለራሱ የወሰደ ዳኛ እያላችሁ አመስግናችሁኛል። ምስጋናው የኔ አልነበረም። የምስጋናው ባለቤት ያቻትና፣ ከሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እኔ ይህን ያወቅሁት ባለፈው ሳምንት ነው። ሾላው ላይ ደግሞ በደንብ ገባኝ።»

ሣቅ ሆነ። ወይዘሮ ውብአየሁ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

«የቀን ተራ ለሁላችሁም እሰጣለሁ ብል ዋሸሁ። የሌሊቱ ግን ከእንግዲህ ለሁላችንም በየተራ ይዞራል፤ ወንድ ሴት፣ ነባር እንግዳ ሳይባል፣ ሁለት ሁለት ሆነን። ተራው በስልክ ይነገራችኋል። አሁን ስለ ውሉ። እኔ የምጠላው ለምን እንደሆነ ታላላቆቻችሁ ያውቃሉ፤ ወንድሜ አበጋዝ በዚህ ቦይ ቁፋሮ ሞቷል። ነገር ግን የኔን ኀዘን ስለኔ ብላችሁ አትሸከሙ። ውሉ የአሥር ዓመት ነው። እኔ ያን ጊዜ ላልኖር እችላለሁ፤ እናንተ ወጣቶቹ ግን ትኖራላችሁ። ረቂቁ በሁለታችንም ስምምነት ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ ቢሮው በር ላይ ተለጥፏል። በበጋ ወራት ማን ቀድሞ እንደሚያጠጣ የሚለውን አራተኛውን አንቀጽ አንብባችሁ ፍረዱ።»

ወጣቶቹ አንብበውት ነበር፤ ብዙዎቹም በስልካቸው አንሥተውታል። በበጋ ቅድሚያ የሚያጠጣው የላይኛው እርሻ እንደሆነ ተጽፏል፤ ሐብሐብ ደግሞ የበጋ ሥራ ነው።

ድምፅ ከሰጡት ሁለት መቶ ዘጠና ሰዎች መቶ አምሳ ስምንቱ አቶ ኤርጫፎን፣ መቶ ሠላሳ ሁለቱ አቶ ማቴዎስን መረጡ። አቶ ማቴዎስ መጥተው በትከሻ ሰላም አሏቸው።

«እኔ እኮ ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ አንብቤው ነበር» አሉ በቁጭት።

«እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አሉ አቶ ኤርጫፎ። «ግን ጮክ ብዬ።»

ከዚያ ወዲህ በታችኛው ቦይ የሆነውን ያየ ሰው፣ መራጩ ሲለወጥ ጥያቄው እንደሚለወጥ፣ ጥያቄው ሲለወጥም ሥራው እንደሚለወጥ ይረዳል። ሌሊት ፈርቶ የሚቀር ሰው ስለሌለ ውኃው አስፋልት ላይ እየፈሰሰ መባከኑ ቀረ። ሁለት ሁለት ሆነው የሚወጡ ጎረቤቶች ጉማሬውን በባትሪና በጩኸት ይመልሱታል፤ ዶርዜውና ነባሩም በዚሁ ምክንያት ተዋወቁ። የተራው መልእክት ከዋዜማው ስለሚደርስ ሳባና ጓደኞቿ ቀኑን ሙሉ ቆመው አይውሉም። ፓምፑንም ቢሆን ያለ ውሉ እንዴት እንደሚያገኙት የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ አቶ ማቴዎስ ሰብሳቢው ናቸው። ዱቡሻውም አልፈረሰም። እንደ ጥንቱ ይሰበሰባል፤ ለውጡ ቢኖር አቶ ኤርጫፎ አንድ አባወራ «ቤቴ እንዲህ ይላል» ባለ ቁጥር «ጠይቀሃቸዋል?» ማለታቸው ነው።

በምርጫው ዕለት ማታ ግን አቶ ኤርጫፎ አንድ ነገር ከንክኗቸው ነበር። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ባለቤታቸው አጠገብ ተቀመጡ።

«ውቤ፣ እንግዲህ አልፏል። ማንን መረጥሽ?»

ወይዘሮ ውብአየሁ ባላቸውን አተኩረው አዩዋቸው። ከዚያም ከጥግ ያለውን አካፋ አነሡና በሩ አጠገብ አቆሙት፤ ባትሪውንም አብርተው ሞከሩና ከአካፋው ጎን አኖሩት።

«የዛሬው ተራችን ስንት ሰዓት ነው?» አሉ።

«ሌሊት ሰባት ሰዓት።»

«እንግዲያው በጊዜ ተኛ። ዛሬም የምትወጣው አንተ ነህ።»

አቶ ኤርጫፎ ሁለተኛ አልጠየቁም። ቦት ጫማቸውን ከአልጋው አጠገብ አስቀምጠው ተኙ።